የሰዓት ሠሪዋ ሽማግሌዎች

ሀዲያ ሙስዐብ ካዛንቺስ ውስጥ ሰዓት መጠገን ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። የምትሠራው አንድ ሜትር በማይሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ የአንድ ቢሮ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። መንገድ ሲሰፋ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ አዛውራለች። ሁለቱንም ጊዜ የተሸከሙላት ደንበኞቿ ናቸው።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። በቀኝ ዓይኗ ዙሪያ ክብ ምልክት አለ፤ የማጉያ መነፅሩ የተወው ነው። ሙያውን ያስተማሯት ከወሎ የመጡት አባቷ ናቸው። ሲያርፉ ሣጥኑን ወረሰች። ደንበኞች ግን ሴት ሰዓት ትጠግናለች ብለው አላመኑም።

"ባለሙያው የለም?" ይሏታል።

"ወጥቷል። ይተውት፣ ይሠራል።"

በማግስቱ ሲመጡ "ባለሙያው ሠርቶታል" ብላ ታስረክባለች። ሦስት ዓመት በዚህ ዓይነት ኖረች። የሌለው ባለሙያ ካዛንቺስ ውስጥ ስሙ ገነነ። "እጁ ይባረክ፣ ሰውዬው ግን ዓይን አፋር ነው መሰለኝ" ተባለ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ለበዓል ክራባት ገዝቶለት መጣ። ሀዲያ ክራባቱን አመስግና ተቀበለች። ዛሬም መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ ትንንሽ ሞላዎች ትጠቀልልበታለች።

ከሣጥኑ ጎን አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዎች ይቀመጡበታል። ጋሽ አምኃ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሰው ናቸው። መምህር ፊሮምሳ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ናቸው። ሁለቱም ከሀዲያ ጋር በአንድ ግቢ ጎረቤት ነበሩ፤ ግቢው ፈርሶ በየአቅጣጫው ቢበተኑም፣ ታክሲ ይዘው እዚሁ ወንበር ላይ ይገናኛሉ። የሚገናኙት ለመጨቃጨቅ ነው። ርዕሱ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተቀየረም፤ ሰው ተፈጠረ ወይስ በዝግመተ ለውጥ መጣ?

"ዝንጀሮ ሰው ከሆነ" ይላሉ ጋሽ አምኃ፣ "እንጦጦ ጫካ የቀሩት ምን እየጠበቁ ነው? ታክሲ?"

"አምኃ፣ የተማረ ሰው ሁሉ የተቀበለውን ነገር አንተ ብቻህን…"

"አንድ የተማረ ሰው አልተቀበለውም ብልህስ?"

"እሱ አልተማረም!"

ሀዲያ ከሰዓቱ ላይ ቀና አትልም። "ባትሪ የለውም" ትላለች። ይህ ፍርዷ ነው፤ ክርክሩ አይሠራም ማለት ነው። በሁለቱም ላይ ትፈርዳለች። ማን ትክክል እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም። "እኔ የማየው መሥራት አለመሥራቱን ነው" ትላለች። "የሰዓቱ ባለቤት ሌላ ነው።"

ሀዲያ አንድ ልጅ አላት፤ ዓብዱልሀኪም። የሊፍት ቴክኒሻን ነው። አምና ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሊፍት ቆሞ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ተቆለፈባት። ዓብዱልሀኪም ሃምሳ ደቂቃ ከበሩ ውጭ ሆኖ እየሠራ፣ እንዳትፈራ ያወራት ነበር። ሊፍቱ ሲከፈት ሁለቱም ወሬውን አልጨረሱም። ስሟ ዙህራ ኢሳ ነው።

"ከሃምሳው ደቂቃ ስንቱን ነው በእውነት የሠራኸው?" አለችው እናቱ።

"ማለቴ… አሥር።"

የዙህራ አባት ሐጂ ኢሳ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ሜክሲኮ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቁጥብ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው በወጉ መሠረት በመጀመሪያው ቀን ቃል ሳይሰጡ መለሷቸው። ግን አንድ ነገር ጨመሩ።

"ስትመለሱ አንድ ቃል ሆናችሁ ኑ። እርስ በርሱ ለማይስማማ ሽማግሌ ልጅ አልሰጥም። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ቀጠሮ ይዟል።"

የተላኩት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ፤ የሀዲያ አጎት፣ ጋሽ አምኃና መምህር ፊሮምሳ። ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጭቅጭቁን በዓይን ጥቅሻ የሚያበርዱት አጎትየው ናቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ ቀን አጎትየው ጉልበታቸው አብጦ ቀሩ።

ሀዲያ ሁለቱን መኪና ውስጥ አስገብታ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። የልጅ እናት ወደ ሽምግልናው አትገባም፤ እሷ ግን እስከ በሩ ልታደርሳቸው ወስናለች።

"ጋሽ አምኃ፣ መምህር፣ ይስሙኝ። አዳምም ዝንጀሮም ከበር ውጭ ይቀራሉ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።"

"እኔን ነው የምትመክሪው?" አሉ ጋሽ አምኃ። "ይልቅ እሱን።"

"ዛሬ አፌ ዚፕ ነው" አሉ መምህሩ።

ሲደርሱ ሀዲያ ከሕንፃው ሥር ካለች ካፌ ማኪያቶ አዝዛ ተቀመጠች። ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ከአምስት።

ላይ ቤት ሐጂ ኢሳ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሽ አምኃ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። የመጣበትን ተናግሮ በጎ መልስ ሲያገኝ ይቀመጣል። ሐጂም በአክብሮት አብረዋቸው ቆሙ።

ጋሽ አምኃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለሠርግ ሽምግልና የሚያውቁት መክፈቻ አንድ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ብለውታል። ከአፋቸው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ምን እያሉ እንደሆነ አላሰቡትም።

"ፈጣሪ አዳምን ከአፈር አበጅቶ፣ ብቻውን ይሆን ዘንድ አልወደደምና፣ ከጎኑ ሔዋንን…"

መምህር ፊሮምሳ ሳሉ። ትንሽ ሳል ናት።

ጋሽ አምኃ ዞሩ። "ምን አልክ?"

"ሳልኩ።"

"ያ ሳል አይደለም። ያንን ሳል አውቀዋለሁ።"

"አምኃ፣ ቀጥል።"

"እቀጥላለሁ። ከአፈር አበጅቶ፤ ከዝንጀሮ ሳይሆን!"

ዚፑ ተከፈተ። "ማን ከዝንጀሮ አለ? ስድስት ዓመት ሙሉ የጋራ የዘር ግንድ ነው ያልኩህ!"

"ሐጂ፣ ይፍረዱ። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ያለ ሠሪ መጣ?"

መምህሩ ቀና አሉ። "ቆሟል እኮ! እንዲህ ያለ ድንቅ ሠሪ ካለው ለምን ቆመ?"

"ሰዓቴን ምን አደረጋችሁ?" አሉ ሐጂ።

"ሰዓቱን ይተዉት፣ ትርፍ አንጀትን እንውሰድ" አሉ መምህሩ። "ምን ይሠራል? ምንም! እንግዲህ አስቦ የሚሠራ ሠሪ ትርፍ ነገር ከምን አመጣ?"

"የእኔ ወጥቷል" አሉ ሐጂ።

"ይኸው! ያለሱ ቆመዋል!"

"ጥርሱም የወለቀ ሰው ይቆማል!" ጮኹ ጋሽ አምኃ። "ደግሞ ቲዎሪ ነው እኮ! ቲዎሪ ማለት ግምት ነው። በግምት የቆመ ነገር!"

"የመሬት ስበትም ቲዎሪ አለው። ና በዚህ መስኮት ውጣና ገምት!"

ሐጂ "ተቀመጡና ተነጋገሩ" አሉ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም!" አሉ። ያን ቀን መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይኸው ነበር። ጉዳዩን ግን ማንም አልተናገረም። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ሐጂ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ይለዋውጡ ጀመር፤ ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም።

በመጨረሻ ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። "የላከቻችሁ ሴት የት ናት? ቁጥሯን ስጡኝ።"

ሀዲያ ማኪያቶዋን ሳትጨርስ ወጣች። ሊፍቱን ሳትጠብቅ አራት ፎቅ በእግሯ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ሦስት ሽበታሞች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ሁለቱ ጣታቸው በአየር ላይ ነው።

"ወይዘሮ ሀዲያ" አሉ ሐጂ፣ "አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ልጅ ሊጠይቁኝ መምጣታቸውን ራሱ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። አንዱ ሰዓቴን ሠሪ እንዳለው ምስክር አደረጉት፤ ሌላው ሰዓቱ ስለቆመና ትርፍ አንጀት ስለማይጠቅም ሠሪ የለም አሉ። አንቺ ሰዓት ሠሪ ነሽ አሉ። ፍረጂና እንቀመጥ።"

ሀዲያ ሁለቱን አየች። የልጇ ሠርግ ከእጇ ሲያመልጥ ታያት። ለአንዱ ብትፈርድ ሌላው ይወጣል፤ ዝም ብትል ሁሉም ይወጣል። ወንበር ሳበች፣ ወጣችበት፣ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አወረደች። እጇ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው ጭንቅላቷ የሚሠራው። ከቦርሳዋ ማጉያዋን አውጥታ ዓይኗ ላይ ሰካች፤ ጀርባውን በወረንጦዋ ጫፍ ከፈተች።

"ጋሽ አምኃ፣ ይሄ ሰዓት ሠሪ እንዳለው በምን አወቁ?"

"ያስታውቃላ!"

"የሚያስታውቀው ሰዓትን ፋብሪካ እንደሚሠራው ስለምናውቅ ነው። ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣም አይቻለሁ፤ የፋብሪካ ማኅተም የለውም። ሰዓት አይወልድም። ሁለቱን አንድ ካደረጉ፣ ክርክሩ ባትሪ የለውም። ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የካዛንቺስ ሰው የጠገንኩትን ሰዓት እያየ 'ባለሙያው ወንድ ነው' አለ። ጠጋኝ መኖሩ ልክ ነው። ማን እንደሆነ ግን ሰዓቱ አልነገራቸውም። ክራባት ገዙልኝ።"

ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ዝንጀሮዎቹስ?" አሉ ጋሽ አምኃ፣ እጅ ላለመስጠት።

"እኛ ከወሎ መጣን። ወሎ ባዶ ሆነ?"

መምህር ፊሮምሳ አጨበጨቡ። ሀዲያ ወረንጦውን ወደሳቸው አዞረች።

"ቆይ፣ መምህር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ ከአባቴ ስማር፣ ከአንድ ሰዓት ውስጥ አንዲት የማትረባ የመሰለችኝ ጥርሳም ክብ አወጣሁና ጣልኳት። ሰዓቱ ጥሩ ሠራ። ቀኑ ሲለወጥ ግን ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የቀን መቁጠሪያው ጥርስ ነበረች። አባቴ ሣጥኑ ሥር ተንበርክኬ እንድፈልጋት አደረጉኝ። 'አላውቀውም' እና 'አይጠቅምም' አንድ አይደሉም። ከናካቴው የማይጠቅም ነገር ቢገኝስ? ስለ አሠራሩ ይነግረናል እንጂ ሠሪ የለም አያሰኝም። ቅድም ሰዓቱ ስለቆመ ያሉትም ያው ነው። ባትሪ የለውም።"

"ክርክሬ?"

"ክርክርዎም ሰዓቱም።" ባትሪውን አውጥታ አሳየች። ዝጓል።

ያኔ ከውስጥ ክፍል የሴት ድምፅ መጣ። በሽምግልና ቀን ሙሽራ ድምፅ አታሰማም።

"ቲቸር! ክላስ ላይ እንዲህ አላሉንም!"

መምህሩ ደነገጡ። "ማነው?"

"ዙህራ ነኝ! ዘጠነኛ ቢ!"

"ዙህራ… ሁለተኛ ረድፍ! ምን ነበር ያልኳችሁ?"

በሩ ተከፈተ። ዙህራ ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች። "ያስተማሩን የቅሪተ አካሉን ንብርብርና ዲኤንኤውን ነው። እሱ ጠንካራ ነበር። እዚህ ግን ትርፍ አንጀት ይዘው ቆሙ! 'ፈጣሪ አለ፣ የለም የሚለውን ባዮሎጂ አይመልስም' ብለውን፣ እኔ ፈተና ላይ 'የለም ማለት ነው' ብዬ ስጽፍ ሁለት ነጥብ ቀነሱብኝ!"

"የለም ብለሽ ጻፍሽ?" አሉ አባቷ።

"አባ፣ መምህሩ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው! በቃ፣ ተቀነሰብኝ አልኩህ እኮ!"

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ኢሳ ናቸው። ፊታቸው የማይፈታው ሰው ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ሳቁ ጋሽ አምኃን ያዛቸው፤ ቀጥሎ መምህሩን፣ እስኪያስላቸው ድረስ። "አሁን እንኳ እውነተኛ ሳል ሳለ!" አሉ ጋሽ አምኃ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሀዲያ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ካለው የቴሌቪዥን ሪሞት አንድ ባትሪ አውጥታ ሰዓቱ ውስጥ ከተተች። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።

ሐጂ አዳመጡት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ፊታቸው እንደ ድሮው ሆኗል።

"አንድ ቃል ሆናችሁ ኑ ብዬ ነበር። በምንድነው አንድ ቃል የሆናችሁት?"

ሀዲያ ሰዓቱን ደረቷ ላይ አቀፈች።

"ልጁ" አሉ ጋሽ አምኃ።

"ልጁ" አሉ መምህር ፊሮምሳ በአንድ ጊዜ።

"ልጁ ምን?"

"ግቢያችን ሲፈርስ መጀመሪያ የእኔን ዕቃ ነው የጫነው" አሉ ጋሽ አምኃ። "ከእናቱ በፊት።"

"የእኔን መጻሕፍት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በጀርባው አወጣ" አሉ መምህሩ። "ሊፍት ቴክኒሻን ሆኖ! ሊፍቱ ገና አልተገጠመም ነበር። ሐጂ፣ ስለ ልጁ ክርክር የለንም። ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን።"

ጉዳዩ ተነገረ። ሐጂ ልጃቸውን አዩ። ዙህራ ወለሉን አየች፤ ከንፈሯን ግን መሰብሰብ አቅቷታል።

"እንግዲያውስ" አሉ ሐጂ፣ "ስድስት ዓመት በሁሉም ነገር የተጣሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ከተስማሙ፣ ያ ነገር እውነት ነው። ሰጥቻለሁ። ለእሑዱ ቤተሰብ እደውላለሁ። በአላህ፣ ተቀመጡ!"

ሦስቱ ሽበታሞች ሶፋው ላይ እኩል ወደቁ።

ሀዲያ አፏን ከፈተች። የሐጂ ክርክር ባትሪ አልነበረውም። ሁለት ሰዎች ስለተስማሙ ብቻ አንድ ነገር እውነት አይሆንም፤ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲሳሳቱ ነው የቆዩት። ጋሽ አምኃ አዩዋት። መምህሩም አዩዋት። ሁለቱም ቃሏን ያውቁታል፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

"ምን ልትዪ ነበር?" አሏት ሐጂ።

"አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት" አለች ሀዲያ፣ የሰዓቱን ቆጣሪ እያዞረች። ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ማጉያዋንም ወደ ቦርሳዋ መለሰች።