ኸይር ሳልል የቀረሁ ቀን

ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎቼ ስለ ህልምና ስለ ተቀበረ ሐዘን ሳስተምር፣ ሁልጊዜ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሠላሳዎቹ መጨረሻ፣ ደሴ ላይ አንዲት ፈረንጅ ቤት ለቤት እየዞርን የተቸገረ እንድንረዳ ታሠለጥነን ነበር። አፍ የደበቀውን ህልም ያወጣዋል ትላለች። ትእዛዟም አንድ ነው፤ «ሰው ህልሙን ሲነግራችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ቃል አትጨምሩ።» እኔ ደግሞ ጎበዝ ልባል ስል የታዘዝኩትን ሁሉ አብዝቼ የምፈጽም ነበርኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምቦልቻ ሆነ። የሐረጎን ቁልቁለት በጭነት መኪና ወርጄ የገባሁበት ቤት ውስጥ፣ የሁለት ወር ልጇን አላቅፍም ያለች ወጣት እናት ነበረች። የፊተኛው ወንድ ልጇ በወባ ሞቶባታል። አራስ ልጇን አማቷ የላም ወተት ያጠጧታል፤ ግን አልተስማማትም፣ ከስታለች።

ብዙ ከተቀመጥን በኋላ፣ እናትየው «ህልም አይቼ ነበር» አለችና ጠበቀች። ወሎ ውስጥ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰሚው «ኸይር ነው»፣ ማለትም መልካም ነው፣ ካላለው ባለህልሙ አይቀጥልም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ መምህሬን አስቤ ዋጥኩት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አማቷ እስከ በር ሸኙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ህልም እንደ ፈቺው ነው። ኸይር ካላልሽ ሸር ጠረጠርሽ ማለት ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት አላየሁም» አሉኝ። እፍረቴን ይዤ ደሴ ወጣሁ። የሆነውን ስነግራት መምህሬ ትቆጣለች ስል፣ «ኸይር» የሚለውን ቃል ደብተሯ ላይ ጻፈችና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተመለሺ» አለችኝ። ያን ቀን ወደድኳት።

በሳምንቱ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ፣ «ያየሽው ህልም ኸይር ነው፣ እህቴ» አልኳት።

ቀና አለች። «ወንዱ ልጄ በር ላይ ቆሞ ሕፃኗን ያያታል። ሊወስዳት ነው። ከወደድኳት ትሄድብኛለች።»

አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ይህም በትምህርቱ የለም። «ልጅ አይደል እንዴ?» አልኳት። «እህቱን ሊያያት መጥቶ ይሆናል።»

አማቷ ጭናቸው ላይ ወዳቀፏት ሕፃን ዞረች።

«እንዲህ ከስታስ አይያት» አለች። «ስጡኝ።»