ስኳር ያስነሳው ሬሳ

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የእግር፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ። ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና ከባልዲው አጠገብ አስቀመጠኝ። ደንባቸው አዲስ ገቢ ከምሳ በኋላ አንድ ፊልም እንዲተርክ ነው። ከጣማቸው ከባልዲው ያርቁታል።

የአሜሪካኑን ፊልም ሁሉ ቀድመውኝ ጨርሰውታል። የቀረኝ አንድ የድሮ የግሪክ ኮሜዲ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ይሠራበት ከነበረ የግሪክ ነጋዴ ቤት ያመጣው ካሴት። ቋንቋውን ሳናውቅ ደጋግመን አይተነዋል። ስስታም ባለሱቅ ማን እንደሚያዝንለት ለማወቅ ሞቻለሁ ብሎ ይጋደማል። ለቀስተኛው እያነባ ዕቃውን ይሻማል። ጫማውን ሲያወልቁት ዝም፣ ቀለበቱን ሲወስዱ ዝም። ሚስቱ “ከነገ ጀምሮ ስኳር እናረክሳለን” ስትል ግን ሬሳው ብድግ ብሎ “ማን ፈቅዶልሽ?” አለ።

ሳቃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ካቦው ሳይቀር እንባውን ጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። ጆሮ ጠቢ የት ይጠፋል! ያን ሰሞን አገር የሚመሩት ትልቁ ሰውዬ ታመዋል የሚል ወሬ ከተማውን ይዞት ነበር።

“ሞተ የተባለው ማነው?” አለኝ መርማሪው።

“ባለሱቅ ነው።”

“ግሪክኛ ትችላለህ?”

አልችልም አልኩት። ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

“እንግዲያው ንግግሩ ያንተ ነው።”

ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣ የሳቁትን ከነገርኩት እኔን እንደሚተወኝ ነገረኝ። ጆሮ ጠቢው ነግሮታል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ከእኔ አፍ መስማት ነው። ከሳቁት መካከል ሊፈቱ የተቃረቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

“ማን ማን ሳቀ?”

“እኔ።”

“ሌላስ?”

“ማንም። ራሴ አወራሁ፣ ራሴ ሳቅኩ።”

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ቂል ይባላል። ቂል መባሉን መረጥኩ። በጥፊ የመታው ጆሮዬ፣ አሁን የምኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ ብርድ ሲመጣ ዛሬም ያመኛል።

በቅርቡ ልጄ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ አግኝታ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ከፈተችልኝ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ናቸው። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ሬሳው ሲነሳ ስለ ስኳር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለካ መርማሪው ልክ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ከጥፊው ይልቅ አበሳጨኝ።

“አባዬ፣ ሶሪ፣ ግን ላይክ፣ በጣም ስሎው ነው” አለችኝ ልጄ። ከዚያ የእስር ቤቱን ወሬ ስለምታውቅ “ታዲያ እዚያ እነማን ናቸው የሳቁት?” ብላ ጠየቀችኝ።

ያኔ ሊፈቱ ተቃርበው የነበሩት ሁለቱም አገር ቤት ናቸው። አንደኛው እንደገና ታስሯል። የልጄ ጓደኞች ቀና ብለው መልሴን ይጠብቃሉ።

ከእኔ በቀር ማንም አልሳቀም አልኳት።