ወይራ ውኃ ድንበር ተሻገረች

ባለፈው የበዓል ዋዜማ ደብረ ማርቆስ ገበያ የገዛሁት ቀጤማ ሥሩ ላይ ጭቃ ይዞ ነበር፤ ሻጯ አራግፋ ልትሰጠኝ ስትል «ተይው፣ ተይው!» ብዬ ነጠቅኋት። ያ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት የወንዝ ዳር ጭቃ አፍንጫዬ ከደረሰ እኔ ሌላ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬንም የወጣሁበትንም ጉዳይ እረሳለሁ። ሰው በግራ በቀኝ እየገፋኝ፣ እዚያው ገበያው መካከል፣ ወይራ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

ወይራ ውኃ ከአምበር ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በእኛና በጎረቤታችን በአያ ሙሉነህ መሬት መካከል የምታልፍ ምንጭ ቢጤ ናት። ወንዝ የምንላት ለማቆላመጥ ነው እንጂ በበጋ ጥጃም ይዘላታል። ግን አትደርቅም ነበር። በእኛ በኩል ባለው ዳርቻዋ እናቴ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ትተክል ነበርና የክረምቱን ወራት፣ ጎተራው ሲራቆት፣ የምንሻገረው በዚያች ቁራጭ ማሳ ነው። ችግሩ ወንዟ በየክረምቱ የአያ ሙሉነህን ዳርቻ እየገመሰች መሄዷ ነበር። አያ ሙሉነህ ወደ እናቴ ድንች እያዩ «አፈሬ እግር አውጥቶ ተሻገረ» ይላሉ፤ ሳቅ ብለው ነው የሚሉት፣ ነገር ግን ያን ጊዜ መሬት እንደገና ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ በየቤቱ ይዞር ስለነበር፣ ያቺ ሳቅ አባቴን እንቅልፍ ትነሳው ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ ወጣት የጂኦግራፊ መምህር ተመድቦልን መጣ። አንድ ቀን ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀጭን መስመር ሳበና «ይህች ማን ናት?» አለን። መልሱንም ራሱ ሰጠ። «ወይራ ውኃ ናት!» ሲል ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። የእኛዋ ወይራ ውኃ! እግራችንን የምንታጠብባት! ጠመኔው ቀጠለ፤ ከትልቁ ወንዝ ቀላቀላት፣ ወደ ዓባይ በረሃ ይዟት ወረደ፣ ሰሌዳው አለቀበት፣ ምንም ሳይደናገጥ ግድግዳው ላይ ተሻገረ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ አድርጎ ድንበር ሠራና ወይራ ውኃን በላዩ አሳልፎ ሱዳን አስገባት። «ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ትባላለች» አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ደወሉ እንደተመታ ወደ ወንዟ ተንጋጋን። አንዷ «ለሱዳን ሰዎች ሰላም በይልን!» ብላ ጮኸችባት፣ ሌላው የእንጨት ስንጥር ላከ፣ ውኃው ውስጥ ሊሸና ቆሞ የነበረን አንድ ወንድ ልጅማ «አገር ልታሰድብ ነው?» ብለን በጭቃ አባረርነው። ከዚያ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

«አባዬ! ወይራ ውኃ ድንበር ተሻጋሪ ናት ተባለ!»

አባቴ የያዘውን ምሣር አስቀመጠ። «ምን አልሽ አንች? ማን ነው ያለ?»

«ቲቸር! በካርታ ላይ አለ። ሰሌዳ ላይ ስሎ አሳየን፤ መንግሥትም ያውቃል!»

ላስደስተው ባልኩ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። በእኛ አገር ድንበር ማለት የማሳ ወሰን ነው፤ ድንበር ተሻጋሪም ሽማግሌ ፊት የሚቆም፣ የሰው መሬት የገፋ ማለት ነው። አባቴ የሰማው ወንዟ ወሰን አልፋ የአያ ሙሉነህን መሬት ለእኛ እንደሰጠች መንግሥት በካርታ መመስከሩን ነው፤ እንዲህ ከሆነ በሽንሸናው ማሳችን ሊነጠቅ ነው። እናቴ ወጥታ ድንቿ አጠገብ ቆመች።

በማግስቱ አባቴ ትምህርት ቤት ሲደርስ አያ ሙሉነህም ልጃቸው ያንኑ ነግሯቸው በሌላው መንገድ መጥተዋል፤ የደብራችንን የቅኔ መምህር፣ መሪጌታንም፣ ለምስክር ይዘዋል። መምህራችን ሦስት ባለ ዱላ ሰዎች ሲያይ ግድግዳውን በማበላሸቱ የተከሰሰ መስሎት «በገዛ እጄ ኖራ እቀባዋለሁ!» አለ። ነገሩ ሲገባው ግን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ፣ ከዚያ ወደ ክፍላችን አስገብቷቸው መስመሩን አሳያቸው። እኛ በመስኮት ተደራርበን እናያለን።

አያ ሙሉነህ መስመሩን በዱላቸው ጫፍ እየተከተሉ ከሰሌዳው ወደ ግድግዳው ተሻገሩ።

«ይች የኛዋ ናት ሱዳን የምትገባ?»

«አዎ፣ አያ።»

«አፈሩንም ይዛ?»

«አፈሩንም ይዛ።»

አያ ሙሉነህ ዱላቸውን አወረዱ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩና «እንግዲያ አፈሬ አንተ ዘንድ የለማ!» አሉ። «እኔ ባንተ ድንች ላይ ዓይኔን ስተክል፣ ለካስ ሌባዬ ውጭ አገር ነው!» መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ሰሙ ማሳ፣ ወርቁ አገር! ልጆቹ ቅኔ ይዘው ቢገቡ እናንተ ሰሙን ብቻ ይዛችሁ ሮጣችሁ» አሉ። አባቴ ግንባሩ አያ ሙሉነህ ትከሻ ላይ እስኪደፋ ሳቀ። የእኛ ጩኸትማ ደወሉን አላሰማ አለ።

በሳምንቱ ደቦ ወጣ። በአያ ሙሉነህ በኩል ድንጋይ ተካበ፤ መጀመሪያውን ድንጋይ ያነሳው አባቴ ነው። መምህራችን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፣ እኛ «ለሱዳን አንሰጥም!» እያልን ጠጠር እናመላልሳለን፣ እናቴ ከዚያችው ማሳዋ የነቀለችውን ድንች ቀቅላ በእንፋሎቱ ታድላለች። አፌን ያቃጠለኝ ድንች፣ እግሬን ያቀዘቀዘኝ ውኃ፣ ሁሉም አሁንም አለ።

እነሱ ግን የሉም። አባቴም አያ ሙሉነህም አርፈዋል፣ መምህሩም ተዛውሮ ሄደ። ከላይ ከምንጩ ጀምሮ ሁሉም ባሕር ዛፍ ተከለ፣ የቀረውን ውኃ ሞተር ሳበው። ወንድሜና የአያ ሙሉነህ ልጅ ደግሞ በደረቀው ቦይ ምክንያት ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ፤ ድሮ ወሰኑን ለማወቅ እግር ማርጠብ ይበቃ ነበር፣ ዛሬ ዳኛው ራሱ ወንዟ የት ጋ እንደነበረች ይጠይቃል።

ባለፈው በጋ ስሄድ የወንድሜን ልጅ እዚያው ቦይ ውስጥ አቆምኳትና እንደ ልጅነቴ በወሬ ጋለብኩ፤ ስንጥር አንስቼ አቧራው ላይ መስመሩን ሳብኩላት፣ ዓባይ አወረድኩ፣ ድንበሩን አሻገርኩ፣ ሱዳን አደረስኩ። በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቦዩን አየችና፣ እኔን አየችና፣ እንዳይከፋኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«እትዬ፣ ይች እኮ እኛ ማሳም አትደርስ» አለችኝ።