የኳስ ሜዳው አቡጀዲና የቴፒው ግድግዳ

በ1971 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሚዛን ተፈሪ ዳር፣ ከገበያው ቁልቁል፣ ቀን የአባቴን ቡና እየለቀምኩ፣ ሲመሽ መሠረተ ትምህርት እየገባሁ እኖር ነበር። ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ልጅ ነው። ባለፈው ሰሞን ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «አባባ፣ በሰው አገር ድሮ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሜዳ ላይ ፊልም ያይ ነበር፤ እስኪ ይዩት» ብሎ ፎቶውን አሳየኝ። መኪኖቹ ገበያ እንደ ዋለ ከብት ተደርድረው ፊታቸውን ወደ አንድ ትልቅ ነጭ ግድግዳ አዙረዋል። «እኛም አይተናል» አልኩት። «የት?» «ቴፒ ነዋ!» ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ የሚስቅብኝ ሰው ካለ ነገሬን አልተውም፣ አመሌ ነው። ጽሕፈቴ ያስቸግር ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

በዚያ ዘመን ፊልም ወደ እኛ የሚመጣው በበጋ ነበር፣ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረበት አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር። ከሰዓት በኋላ ገበያውን እየዞረ ሲለፈልፍ ይቆይና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦታውን ይይዛል። ሚዛን ላይ ቦታው ኳስ ሜዳው ነበር፤ በጎሉ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አቡጀዲ ይወጠራል፣ ጄኔሬተሩ ባሕር ዛፎቹ ሥር መንደቅደቅ ይጀምራል፣ የናፍጣው ሽታ ከተጠበሰው በቆሎና ከረገጥነው ሣር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ሸዋ ቤንች ላይ ገበያው መሐል ነበር፤ አቡጀዲው ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ስለሚንጠለጠል ነፋስ በመጣ ቁጥር የተናጋሪው ጉንጭ ያብጣል፣ ሰዉም ይስቃል። ማጂም አንድ ጊዜ ደርሷል ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ቴፒ ላይ ግን አቡጀዲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በመንግሥት የቡና እርሻ ግቢ ውስጥ ኖራ የተቀባ የመጋዘን ግድግዳ ነበር፣ ፊልሙ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የአንድ ሰው ሞትና ሕይወት ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ወድቋልና።

እማማ ጌጤነሽ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን፣ ባላቸው የሞቱባቸው። አንድ ልጃቸው ደሳለኝ እኩያዬ ነው፤ አብረን ቀፎ እየሰቀልን ነው ያደግነው። በልጅነቱ ማር ሊቆርጥ ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ቀኝ እግሩ በትንሹ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ፤ ሲራመድ በዚያ እግሩ አቧራውን እንደሚጠርግ ነበር። ሚሊሻ ሲመለመል ግን እግሩን ያየለት የለም፣ ትከሻውን ነው ያዩት። ወደ ምሥራቅ ዘመተ፣ ከዓመት በላይ ወሬው ጠፋ። በኋላ አንድ ቁስለኛ ከጦር ሜዳ ተመልሶ፣ የደሳለኝ ጓዶች በአንድ ድልድይ ላይ በተደረገ ውጊያ አለቁ ብሎ አወራ። የእድራችን ዳኛ አቶ ባልቻ ሽማግሌ አስከትለው መጡና፣ «ጌጤነሽ፣ እርምሽን አውጪ። በሚመጣው እሑድ ድንኳን እንተክላለን» አሏቸው። እማማ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ ሸኟቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጨው ጭኖ የመጣ የመኪና ረዳት፣ ጅማ ላይ ባየው ፊልም ውስጥ፣ ከድልድዩ ውጊያ በኋላ ዘማቾቹ ከተማ ሲገቡ፣ ደሳለኝን የመሰለ ልጅ በሰልፉ መሐል ሲያልፍ አየሁ አለ። ፊልሙም በማክሰኞ ሚዛን ይገባል ተባለ። ልጁ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ካለ፣ ከውጊያው ተርፏል ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት እማማ የተቀመጠ ነጠላቸውን ሲፈልጉ ዘገየን። ስንደርስ ኳስ ሜዳው ጢም ብሏል፤ ከፊት የቀበሌ ሰዎች በአግዳሚ ወንበር፣ ከኋላቸው ተማሪው፣ ከዚያ ነጋዴው። እኛ የቀረልን ከአቡጀዲው ጀርባ ነበር፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ከዚያም ወገን ይታያል፣ እንዲያውም የጄኔሬተሩ ጩኸት አይደርስም። በመጀመሪያ ስለ ቡና በሽታ አሳዩ፤ አንዲት ተባይ ጥጃ አክላ ስትመጣ ከጎናችን የነበሩ አንድ ሴትዮ ዘንቢላቸውን ጥለው ሮጡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጽሕፈት አለፈ፣ ሰልፉ ገባ። በመሐሉ አንድ ረጅም ልጅ አቧራውን በእግሩ እየጠረገ አለፈ። እኔ ልጮህ ስል እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ግራው ነው» አሉ። «የኔ ልጅ ቀኙ ነው። ይሄ የሌላ ሰው ልጅ ነው።»

መንገዱን ሙሉ አላለቀሱም። በራቸው ላይ ስንደርስ፣ «ለአቶ ባልቻ ንገራቸው፣ እሑድ ይሁን» አሉኝ።

ሐሙስ ማታ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። የምታስተምረን ሰናይት የምትባል ዘማች ተማሪ ነበረች። እኔ ፊደሉን ጨርሻለሁ ብዬ ሰፈሩን አስቸግሬ ነበርና ተነሥቼ፣ «አታለልሽን! ፊልሙ ላይ ካለፈው ጽሕፈት አንዲት የማውቃት ፊደል የለችም። የአዲስ አበባ ፊደል ሌላ ነው እንዴ?» አልኳት። «የት ተቀምጠህ ነው ያየኸው?» አለች። ነገርኳት። አንድ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፈችና ወረቀቱን ፋኖሱ ፊት ይዛ ጀርባውን አዞረችልኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱማ ወንበሩን ጥሎ ወደቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊደሏን ሳይሆን የዚያን ልጅ እግር ነበር የማየው። ደብተሬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

እማማን ለማስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ከጀርባ ሲያዩት ግራው ቀኝ ነው ብላቸው፣ «አንተ ጴጥሮስ፣ በሐዘኔ ትቀልዳለህ?» አሉ። «እንሂድ ብቻ» አልኳቸው። «ቅዳሜ ቴፒ ያሳያሉ። እዚያ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ጀርባ የለውም።» አቶ ባልቻ ሰምተው፣ «ሂዱ እንግዲህ፣ እሑድ እንደሆነ አይቀርም» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ ወጥተን ሄድን።

ቴፒ መቼም ዝናብ የምትለምን አገር አይደለችም። ከሰዓት በኋላ ወርዶበት የእርሻው ግቢ ጭቃ ሆኖ ጠበቀን፤ መቀመጥ ቀርቶ መቆምም አይቻልም። የትራክተር ሾፌሮቹ ናቸው መላ የመቱት። ትራክተሮቹን ከነተሳቢያቸው ወደ ግድግዳው አዙረው ደረደሩ፣ የጭነት መኪኖቹም ጎን ለጎን ገቡ፣ አለቆቹ በጂፓቸው ውስጥ ሆነው የመስተዋቱን መጥረጊያ እያስኬዱ ተቀመጡ። ሰዉ ተሳቢው ላይ ተሳፈረ፣ የሙዝ ቅጠል ራሱ ላይ አድርጎ። እኛ የወጣንበት ተሳቢ የጋሽ ሽፈራው ነበር፤ ሰው ሲገፋፋ፣ «ቀስ በሉ! የትም አልሄድም፣ ነዳጅ የለኝም» ይላል። የእኛ ባለ መኪና ሲኒማ ይህ ነበር። ብርሃኑ በጭንቅላታችን ላይ አልፎ ኖራው ላይ ሲያርፍ የእሳት እራቱ በውስጡ እንደ ገለባ ይንሳፈፋል፣ ከእርጥቡ የቡና ገለፈት የሚነሣው ኮምጣጣ ሽታ እስከ ተሳቢው ይመጣል።

ሰልፉ ገባ። ረጅሙ ልጅ መጣ። እማማ የተሳቢውን ብረት ይዘው ተነሡና፣ «አቁሙልኝ!» ብለው ጮኹ።

«ከቆመ ይቃጠላል፣ እማማ» አለ ባለፊልሙ፣ «መብራቱ ይበላዋል።»

«እንግዲያማ ወደ ኋላ ንዳው!» አለ ጋሽ ሽፈራው። «እኔ ይህን ሁሉ ተሳቢ ይዤ እነዳ የለም እንዴ?»

ባለፊልሙ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አንድ ነገር ገፋ አደረገ። ዘማቾቹ ሁሉ ወደ መጡበት በጀርባቸው መራመድ ጀመሩ፤ የተነሣው አቧራ ወደ መሬቱ ተመለሰ። ግቢው በሳቅ ተናጋ፣ ተሳቢው ከሥራችን ተወዛወዘ። እንደገና ወደ ፊት ለቀቀው፣ ልጁም እንደገና አለፈ። እማማ አልሳቁም፤ ቀስ ብለው ቁጭ አሉና፣ «ቀኙ ነው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ደሳለኝ ከዓመታት በኋላ በዚያችው እግሩ አቧራ እየጠረገ መጣ። ተሰብስበን የፊልሙን ነገር ስናወራለት ግራ ገብቶት አየን። ያን ጊዜ ወባ ይዞት ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር፤ ድልድዩንም አላየ፣ ከተማውም አልገባ፣ ሰልፍም አልወጣ። «እኔ አይደለሁም» አለ። እማማ ከጓዳ ሆነው፣ «ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ? ያየሁህ እኔ ነኝ» አሉት። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ረጅም ልጅ የማን እንደነበረ እጠይቃለሁ። እናቱ እሱን የምታይበት ግድግዳ አግኝታ ይሆን? ወይስ እሷም ከአቡጀዲ ጀርባ አይታው፣ የኔ አይደለም ብላ ቤቷ ገብታ ይሆን?

ዛሬ ኳስ ሜዳው ላይ ፎቅ ተሠርቷል። የሸዋ ቤንቹ ዋንዛ ተቆርጧል። የቴፒውን ግድግዳ ባለፈው ዓመት ሄጄ አየሁት፤ ኖራው ረግፎ ጡቡ ወጥቷል፣ ሐረግ ወጥቶበታል። እማማም፣ ደሳለኝም፣ ጋሽ ሽፈራውም የሉም። የልጄ ልጅ ፊልሙን በመዳፉ ይዞ ብቻውን ያያል፤ አይቆምበት፣ አይቃጠልበት፣ ወደ ኋላ ንዳው ብሎ የሚጮህለት ሰውም የለውም።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ደሳለኝ እንደተረፈ ብቻ ነበር። ከቴፒው ፊልም በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሚዛን ስንደርስ የእድሩ ድንኳን በእማማ ደጅ ተተክሎ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኘናቸው። «እህ፣ ምን አያችሁ?» አሉ አቶ ባልቻ። እማማ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀልኩ። «አንተ ግትር፣ የእድር ንብረት ነው እኮ!» ብለው አቶ ባልቻ ጮኹብኝ። «እንግዲያውስ ለእድሩ እመልሳለሁ» አልኳቸው። ካስማዎቹን በሙሉ ነቀልኩ፣ ጤዛ ያረጠበውን ሸራ አጣጥፌ ትከሻዬ ላይ ጫንኩና ዳገቱን ወጥቼ የእድሩ ዕቃ ቤት አስገባሁት።