የኩብራ እጅና የጅቡቲ ዓሦች

የኩብራ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ጫት ይታሰራል፤ በኋለኛው ባሕር አለ። በመካከላቸው ያለው በር ደግሞ አንድ ሕግ አለው፦ ጫት የነካ እጅ የዓሣው ገንዳ ውስጥ አይገባም። ጭሮ ውስጥ ጫት ያልነካ እጅ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ሐሙስ ነው።

ገንዳውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሥራዬ የፍሪጅ ጥገና ነው፤ መስታወቱን በሲሊኮን አጣብቄ፣ የአየር ፓምፕ ገጠምኩለት። ዓሦቹን ያመጣላት ግን ወንድሟ መህዲ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሹፌር በነበረ ጊዜ፣ በጀሪካን፣ ከነባሕር ውሃቸው። ክላውንፊሽ ይባላሉ፤ ብርቱካናማ ገላ፣ ሁለት ነጭ ቀለበት። ትልቋ ሴት ናት፤ ትንሹ ወንድ። ኩብራ ትልቋን «እሜቴ»፣ ከእሜቴ ጭራ የማይለየውን ትንሹን ደግሞ «ረዳቱ» ብላ ሰየመቻቸው።

መህዲ መስመሩን ትቶ አሁን ከመቻራ ቡና ይጭናል። ለእህቱ የተረፋት አንድ ጆንያ የአኳሪየም ጨው ብቻ ነው፤ ዓሦቹ ከሞቱ ሌላ የሚያመጣ የለም። ይህን ስለምታውቅ አያያዟን ታውቅበታለች። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው ብላ የዝናብ ውሃ አጠራቅማ ጨው ትበጠብጣለች። ገንዳው በሙቀት ሲጎድል ግን የምትሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ውሃ ይተናል እንጂ ጨው አይተንም። ይህን የሳተ ሰው ዓሦቹን በጨው ይፈጃቸዋል። ለክፉ ቀንም የተበጠበጠ ውሃ በጀሪካን ጥግ ላይ አይጠፋም።

ያን ሐሙስ ከዙህር ሶላት በፊት መብራት ጠፋ። ስልኬ ጮኸ፤ ኩብራ ናት።

«ኢዘዲን! አየር አጥተዋል! ባትሪ ይዘህ ድረስልኝ!»

የፊተኛው ክፍል ገና ባልታሰረ ጫት ተሞልቷል። ዘልዬው ገባሁ። እሜቴ ጎኗን ወደ ላይ አዙራ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ረዳቱ ድንጋዩ ሥር ተወሽቆ ይንቀጠቀጣል። ፓምፑን ከባትሪው ጋር አገናኘሁት፤ አረፋው ተንደቀደቀ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ኩብራ።

ቸኩላለች። አየር ብቻ ያጠረው ዓሣ አረፋ ሲያገኝ ይረጋጋል፤ እነዚህ ባሱ። እሜቴ በድንገት ተወርውራ መስታወቱን ገጨችና ተገለበጠች። ጨው ለካሁ፤ ልክ ነው። ሙቀት ለካሁ፤ ልክ ነው።

«ኩብራ፣ ውሃው ውስጥ ምን ገባ?»

«ምን ይገባል? ምንም!»

«መብራቱ ከጠፋ ወዲህ ምን አደረግሽ?»

«አየር እንዲያገኙ አማሰልኩላቸዋ!»

«በምን?»

እጇን አየች። እስከ ክርኗ አረንጓዴ ነው።

ወትሮ መብራት ሲጠፋ በንጹሕ ጆግ እየቀዳች ከፍ አድርጋ ነው የምታፈሰው። ያን ቀን ግን ጫቱን የሚረከባት ዘይኑዲን «መኪናው ቀድሞ ሊወጣ ነው» ብሎ አጣድፏታል። ከጫቱ ላይ ብድግ ብላ ሮጣ ክንዷን ነከረች። አንዳንዱ ገበሬ ጫቱን ለተባይ መድኃኒት ይረጨዋል። ሰው አጥቦ ይቅማል፤ ዓሣ ግን ኑሮው እጣቢው ውስጥ ነው።

«ገደልኳቸው» አለች።

«ገና አልሞቱም። ወደ ጀሪካኑ ውሃ እናዛውራቸው። ባልዲ አምጪ!»

በቤቱ ባልዲ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ጫቱ ላይ ውሃ የሚረጭበት ነው። እጅም እንደ ባልዲው፦ የሷ ጫት፣ የኔ የኮምፕሬሰር ዘይት። በሳሙና እንዳንታጠብ ሳሙናውም ዓሣ ይገድላል፤ እስኪለቅ የሚያለቃልቁበት ጊዜ ደግሞ የለም።

ውጭ ክላክስ ጮኸ።

«ኩብራ! ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ጫቱስ?» ዘይኑዲን ነው።

«ዓሦቼ እየሞቱብኝ ነው!»

«አቦ! ዓሣውን ጥበሺውና ጫቱን ስጪኝ! ወላሂ መኪናው አይጠብቅም!»

«ራስህ እሰረው!» ብላው ወደ ጎረቤቷ ወደ አብርሆት ሮጠች። አብርሆት ከመቀሌ ተመድባ የመጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ጫት አትነካም፤ ዓሣ ትፈራለች።

«ቲቸር፣ ባልዲ! ሳሙና ያልነካው!»

«ያለኝ የመጠጥ ውሃ ያለበት ነው።»

የቧንቧ ውሃ ከመጣ ሰንብቷል። አብርሆት የኩብራን ፊት አየች፤ ከዚያ ውሃውን ባገኘችው ድስት ሁሉ ገለበጠች፤ የተረፈውን ደጅ ደፋችው።

«እጅሽም ያስፈልገኛል። ጠመኔ ነክተሻል?»

«ዛሬ ክፍለ ጊዜ የለኝም።»

«ቅባትስ?»

«አልተቀባሁም። ምነው?»

«ነይ!»

የጀሪካኑን ውሃ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩ፤ ሙቀቱ ከገንዳው ብዙ አይርቅም። ኩብራ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ገንዳው አጠገብ ቆመች።

«ጆጉን ከሥሯ አስገቢ፣ ቲቸር። አታባርሪያት። እንዲያ። አሁን የጆጉን አፍ በእጅሽ ከድነሽ ውሃውን አንጠፍጥፊ፤ የገንዳው ውሃ አብሯት እንዳይሄድ።»

«ትነክሳለች?»

«አፏ ሽንብራ አያክልም!»

«ወይኔ! ነካችኝ!»

«እንዳትለቂያት!»

እሜቴ ባልዲው ውስጥ ወርዳ በጎኗ ቀረች። ረዳቱ ግን ከድንጋዩ ሥር አልወጣም አለ። አብርሆት ጥርሷን ነክሳ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደች።

«አልደረስኩበትም፣ ኩብራ!»

የኩብራ ቀኝ እጅ ወደ ውሃው ሲሄድ አየሁት። በግራ እጇ አንጓውን ጨምድዳ መለሰችው።

«ድንጋዩን አንሺው። ቀስ። ባላህ ቀስ በይ።»

ድንጋዩ ተነሣ። ረዳቱ ተፈትልኮ ጆጉ ውስጥ ገባ። የአየር ቱቦውን ጫፍ ቆርጬ ንጹሕ ቱቦ ቀጠልኩና ባልዲው ውስጥ አስገባሁት።

ፊተኛው ክፍል ዘይኑዲን ጃኬቱን አውልቆ፣ መሬት ተቀምጦ ጫት ያስራል። አስተሳሰሩ ያስለቅሳል።

«ሞቱ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ገና ናቸው።»

«ጥበሺው ያልኩት እኮ ለቀልድ ነው።» የታሰረውን ይዞ ሮጠ። የቀረው እዚያው ጠወለገ፤ ኩብራ ዞራም አላየችው።

አስር ሰዓት ሲደርስ ረዳቱ ቀጥ ብሎ መዋኘት ጀመረ። እሜቴ ግን አፏ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ረዳቱ ሄዶ በአፉ ገፋ አደረጋት። ኩብራ ያኔም እጇን ከኋላዋ አላወጣችም፤ እሜቴን ያወጣቻት አብርሆት ናት።

ለመህዲ ስትደውልለት አጠገቧ ነበርኩ። «አንዷ ሞተችብኝ» አለችው። «የትኛዋ?» ብሎ ጠየቃት። «እሜቴ» አለችው።

ገንዳው ተለቃልቆ ዛሬ አብርሆት ቤት ነው። ረዳቱ ወፍሯል፤ የነዚህ ዓሦች ተፈጥሮ ሴቲቱ ስትሞት ወንዱ ሴት መሆን ነው። ለዘይኑዲን ይህን ብነግረው «ረዳቱ ሹፌር ሆነ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። ኩብራ የቀኑን ጫት አስረክባ ትመጣለች። አብርሆት ምግብ ትበትናለች፤ ኩብራ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «አታብዢበት፣ ቲቸር» ትላለች።