ስድሳኛው ፊርማ

ዶክተር ገረመው ለሁለት ዓመት ብለው የተቀመጡበት የፕሬዝዳንት ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው። የሐኪሞች ማኅበራችን ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልስትም። ሥልጣን አልለቅም ስላለ ሰው ብዙ ይወራል፤ እኔ ያየሁት ግን ሥልጣኑ ራሱ አልለቅም ያለውን ሰው ነው።

ማኅበሩን በ1986 ዓ.ም. ኦሎምፒያ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ያቋቋሙት አሥራ አንድ ሐኪሞች ናቸው። የሐኪምን መብት ሊያስከብሩ፣ ያጠፋውንም ራሳቸው ሊገሥጹ ተስማሙ። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ በእጃቸው የጻፉት የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ምንትዋብ፣ የዶክተር ገረመው ባለቤት ናቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል። ጉዱም ከዚያች ክፍል ይጀምራል። አንድ ሰው እንዳሻው እንዳይሾምና እንዳይሽር ብለው፣ ፕሬዝዳንት የሚቀየረው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ብቻ ነው፣ እስከዚያ የነበረው ይቀጥላል የሚል ደንብ አወጡ። ያኔ ከስብሰባ የሚቀር ሰው አልነበረም።

ዛሬ መዝገቡ ላይ መቶ አሥራ ስምንት አባላት አሉ። ሲሶው ውጭ አገር ነው፤ ጥቂቶቹ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርፈዋል። ስማቸውን መሰረዝ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ጉባኤው እንዳይሟላ ያደረጉት ደግሞ እነሱው ናቸው። በጠራን ቁጥር የሚመጣው ሃያ ሰው፣ ቢበዛ ሠላሳ ነው።

ዶክተር ገረመው ጥለው አይሄዱም ወይ ትሉ ይሆናል። አንዴ ማኅተሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ የተከሰሰ ወጣት ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ መጣና ደወልኩላቸው። «ማኅተሙን አውጪው፣ መጣሁ» አሉኝ። እምቢ ማለት ያልፈጠረባቸው ሰው ናቸው፤ አንዳንዴ ያናድዱኛል።

ዘንድሮ ግን ቆረጡ። ዶክተር ምንትዋብ መርሳት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ባላቸውንም አያውቁም። ቢሮው ደግሞ የሚበላው ያንኑ ጠዋት ነው።

ስለዚህ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ጉባኤ ጠራን። ሥልጠናም አለው፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል ብዬ አስወራሁ። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ሰው እየተንጠባጠበ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ደረሰና ቆመ። አንድ ጎደለ! ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ዶክተር ምንትዋብ ሳሊተ ምሕረት ባለው ቤታቸው ብቻቸውን መቅረት ስለማይችሉ አብረው መጥተው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ዶክተር ገረመው ወደዚያው አዩ።

«እሷም አባል ናት፤ ያውም መሥራች» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

የተገኘው አባል የሚፈርምበትን ወረቀት ለዶክተር ምንትዋብ ይዤላቸው ሄድኩ። እስክሪብቶውን ጥቂት አገላብጠው አዩትና ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። ያው የ1986ቱ ጽሕፈት ነው። ስድሳ ሞላ።

ሥልጠናው አልቆ ምርጫው ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ዶክተር ገረመው ተነሡ። «ምንትዋብ የምታውቀኝ ጠዋት ብቻ ነው። ስንት ጠዋት እንደቀረን አላውቅም። እባካችሁ ልቀቁኝ» አሉ።

ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። አንዱ ክሊኒክ አለኝ አለ፣ አንዷ ልጆቼ አለች፣ ሦስተኛው ስልክ ሊያነሣ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ዶክተር ሙክታር፣ የዶክተር ገረመው የቀድሞ ተማሪ፣ እንባቸው እየወረደ ተነሡ።

«ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት እናመጣለን? ሁለት ዓመት ብቻ፣ በእግርዎ ወድቄ ልለምንዎ!» ብለው እውነትም ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ።

ዶክተር ገረመው ሮጠው አነሷቸው። በቃ፣ ያኔ አለቀላቸው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ኧረ እባካችሁ» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው?

አጠገቤ ዶክተር ምንትዋብም ደስ ብሏቸው ያጨበጭባሉ።

«ማነው የተመረጠው?» አሉኝ።

«ዶክተር ገረመው ናቸው።»

መድረኩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ ትኩር ብለው አዩ። «ደግ ሰው ይመስላል» አሉ፣ ማጨብጨባቸውን ሳያቆሙ፤ «ሚስቱ ግን አሳዘነችኝ። መቼ ቤት ሊውልላት ነው?»