ውሃ የነፈግሁት ረመጥ

ይህን ለባሌም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ አላውቅም። የኤዶ ሆዳንን ቤት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

«ኤዶ» በሰፈራችን አክስት እንደ ማለት ነው። ሶማሌ ክልል፣ ቱሊ ጉሌድ ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ያኔ የሁለታችንም ቤት ሳር ክዳን ነበር። ሳር ክዳን ያለበት ሰፈር ደግሞ ሕግ አለው፦ ምድጃ ሳይጠፋ ከቤት አይወጣም፣ አመድ ውሃ ሳይጠጣ አይደፋም። ይህን ለሌላው ስለፈልፍ የምውለው እኔው ነበርኩ።

ኮሮና ሊገባ ሰሞን፣ በጋው ከፍቶ ውሃ ጠፋ። በአህያ ጋሪ የምትመጣውን እንደ ጠበል ነበር የምንቆጥባት። የምሸጠውን ዳቦ ጋግሬ ስጨርስ ረመጡን አየሁ፤ የቀረችኝን አንድ ጣሳ ውሃም አየሁ። ሳሳሁ። ምን ይመጣል ብዬ አመዱን እንዲሁ አጥሩ ጥግ ደፋሁት። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ የኤዶ ጣሪያ ጨሰ። ሰው በአሸዋ ቢረባረብም ቤቱ አልተረፈም። ደግነቱ የሞተ የለም።

የባሰውን ልንገራችሁ። ጥፋቱ በኤዶ ምራት በፋዱማ ተላከከ፤ ምድጃ ሳታጠፋ ገበያ ሄደች ተባለ። እኔ ግን በአጥር ቀዳዳ አይቻታለሁ። ፍሟን አሸዋ አልብሳ፣ በእጇ ዳብሳ ነው የወጣችው። ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቆም ወደ እኔ ዞረች።

«ወላሂ አጥፍቻለሁ! እህቴ፣ አንቺ አይተሽኛል፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

እኔ! ያየሁት እኔ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔማ ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ ያልኩት ነው። ምን ፈርቼ? ሰፈሩ እንዳያባርረኝ? በእኔ ፈንታ እሷ ተባረረች። ባሏ ፈታትና ደገሀቡር ወላጆቿ ቤት ገባች። እኔ አዲሱ ቤት ሲሠራ ጭቃ አቀብዬ ተመረቅሁ። ኤዶ እስከ ዛሬ «እንደ አንቺ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል» ስትለኝ መግቢያ ይጠፋኛል።

አንዳንዴ ለራሴ፣ ውሃ አልነበረም እኮ እላለሁ። ለረመጡ ምክንያት ይሆነኝ ይሆናል። ለዚያች ልጅ እውነቷን ለመመስከር ግን ምን ውሃ ያስፈልግ ነበር?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ደገሀቡርም ሩቅ አይደለም፣ ጅጅጋ ገብቶ መኪና መያዝ ነው። ያን መንገድ ትቼ ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገሬ ራሱ፣ ዛሬም ፈሪ መሆኔ ነው።